በሜፕል ሆሎው የውሻ ፓርክ ስለጠፋው ሕፃን

ይድረስ ለተከበረው የሜፕል ሆሎው የሕዝብ የውሻ ፓርክ አስተዳደር ቦርድ፣
ለክቡር ሰብሳቢው፣ ለክቡራን አባላቱና የእናቴን ፋይል ለከፈቱት ትጉሃን ሠራተኞች በሙሉ፤
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ክቡራንና ክቡራት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም ውሾቻችሁም በፍጹም ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ የእጃችሁ አንጓ እንዳይሰበር፣ ጉልበታችሁ እንዳይከዳችሁ፣ የውሻችሁም ጀርባ ስፌት እንዳያስፈልገው ምኞቴ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚመስል በእናንተ ቸርነት አይቼዋለሁና። እኛ በበኩላችን፣ ከላካችሁልን የእገዳ ደብዳቤ በቀር፣ በጣም ደኅና ነን።

ስሜ አለሙ ይባላል። የምኖረው ዋይትሆል ሲሆን፣ ሥራዬ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያው ወደ ኤርፖርቱ በሻትል ማመላለስ ነው። በአማርኛ መጻፌ ቢያስገርማችሁ ምክንያቱ የራሳችሁ ግብዣ ነው፤ የእገዳ ደብዳቤያችሁ ግርጌ ላይ በብዙ ቋንቋ፣ በእኔም ቋንቋ ጭምር፣ «በሚመችዎ ቋንቋ ይጻፉልን፤ እንሰማዎታለን» የሚል ቃል ሰፍሯል። ክረምቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስጽፍላችሁ ከርሜ ሰሚ ስላጣሁ፣ ምናልባት የሚመቻችሁ አማርኛ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በከተማችን ባሉ የሐበሻ መደብሮች በር ላይ መለጠፌም ለእናንተው በማሰብ ነው፤ አስተርጓሚ ስትፈልጉ እንዳትቸገሩ።

ያገዳችኋት ወይዘሮ ላቀች እናቴ ናት። ዕድሜዋ ከሰባ ያለፈ፣ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን የተደረገች ሴት ናት፤ ሐኪሙም በየቀኑ ካልተራመድሽ እግርሽ ተመልሶ ይደርቃል ብሏታል። እናቴ ግን ለራሷ ጤና ብላ ከሶፋ የምትነሳ ሰው አይደለችም። ያስነሳቻት ሉሉ ናት። ሉሉ ልጄ ሐምራዊት ኮሌጅ ስትገባ ትታልን የሄደች፣ ክብደቷ ከአንድ ዶሮ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ውሻ ናት። እናቴ የውሻ ቦታው ደጅ ነው ብላ የኖረች ሰው ናት፤ አፓርታማችን ደግሞ ደጅ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ በመጀመሪያ ተኳረፉ፣ ቀጥሎ ተላመዱ፣ በመጨረሻም ሉሉ በሩን በጥፍሯ ስትቧጥጥ እናቴ ያለ ማንም ጉትጎታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። የምንኖርበት መንገድ የእግረኛ መሄጃ ስለሌለው፣ ከሥራ በፊት ወደ እናንተ ፓርክ አደርሳቸው ነበር። የእናቴም ጉልበት እየተፈታ መጥቶ ነበር። አሁን የከለከላችኋት ይህንን ነው፤ ቀሪውን ከማንበባችሁ በፊት ይህቺን ብቻ ልብ እንድትሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምልክቱ አመሰግናለሁ። የትናንሽ ውሾች መግቢያ በር ላይ በአማርኛ «አነስተኛ የውሻ ሥፍራ» ብላችሁ በብረት አስቀርጻችኋል። ፊደላችንን እዚያ ሳየው ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ግን ትንሽ መሆን ያለበት ሥፍራው እንጂ ውሻው አይደለም። ለረጅም ጊዜ የአስተርጓሚው ስሕተት ነው ብዬ ሳማው የኖርኩትን ሰውዬ አሁን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ አሠራራችሁን ከእናንተ በተሻለ የገለጸ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መቀርቀሪያው። የዚያው በር መቀርቀሪያ ከበረዶው በፊት ተሰብሮ ነበር። አንድ ደግ ሰው በጫማ ማሰሪያ አሰረው፤ የጫማ ማሰሪያው ሲበጠስ እናቴ በነጠላዋ ጥለት ቅዳጅ አሰረችው። እኔ ቢሯችሁ ኮል ባደርግ፣ አንዲት ትሑት ሴት ጥያቄዬን በዌብሳይታችሁ እንዳቀርብ መከሩኝ። አቀረብኩ። «ደኅንነትዎ ቀዳሚ ጉዳያችን ነው» የሚል መልስ ወዲያው መጣልኝ፤ ከመልሱም ጋር በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ በኮከብ እንድገልጽ ተጠየቅሁ። መቀርቀሪያውን እንዲህ በፍጥነት ብትመልሱልኝ ኖሮ ኮከቦቹን ሁሉ በሰጠኋችሁ።

ሦስተኛ፣ ትንሽ ውሻ ይዞ ስለሚመጣ ሰው ጥንቃቄ ያሳተማችኋት ወረቀት። ሐምራዊት በስልክ ተርጉማላት እናቴ በቃሏ ይዛታለች። ከመግባትዎ በፊት በአጥሩ ውስጥ ማን እንዳለ ይመልከቱ ትላለች፤ እናቴ እንደ ጥበቃ ሠራተኛ ቆማ ትመለከታለች። የሚበላ ነገር ይዘው አይግቡ ትላለች፤ እናቴ ኪሷ ያለችውን ማስቲካ እንኳ መኪናዬ ውስጥ ትታ ትገባለች። ትልቅ ውሻ ሲመጣ ውሻዎን አንሥተው አይቀፉ፣ አይጩሁ፣ ረጋ ብለው ቦታውን ይልቀቁ ትላለች። ይህቺን የመጨረሻዋን ምክር የጻፉት ሰው ከማን አፍ ውስጥ ውሻቸውን እየጎተቱ እንደጻፏት ባውቅ ደስ ይለኛል።

አራተኛው በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለምና የዚያን ቅዳሜ ነገር ልተርክላችሁ።

በትልልቆቹ ግቢ ውስጥ አንድ ጥጃ የሚያህል ውሻ ነበር። ስሙ ፒናት ነው፤ ኦቾሎኒ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት የትኛውን ጎኑን አይተው እንደሆነ አላውቅም። ይህ ኦቾሎኒ ወደ ትናንሾቹ ግቢ የሚያስገባውን በር በግንባሩ ገፋ ሲያደርገው ጥለቱ ተበጠሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሉሉንም ከጀርባዋ በአፉ አነሣት። ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ከወዲያ ግቢ «ፍሬንድሊ ነው» እያለ ይጣራ ነበር። እኔም ፍሬንድሊነቱን አልጠራጠርም፤ ሉሉን ይዞ ሲያራግፋት ጅራቱን ይቆላ ነበር ብላኛለች እናቴ።

እናቴ በዚህ ጊዜ ወረቀታችሁን ረሳች። ምርኩዟን አንሥታ ባላት ጉልበት ሁሉ «ክድ! ክድ!» እያለች ጮኸች።

አስተርጓሚያችሁ እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንዲያነብላችሁ እለምናለሁ። ክድ ማለት ውሻ ማባረሪያ ነው። ሂድ፣ ዘወር በል ማለት ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የመንደር ውሻ ሲያስቸግራት የምትለው ይህንኑ ነው፤ የሰማ ውሻም ሁሉ ጅራቱን ሸጉጦ ይሄድላት ነበር። የፒናት ችግር አማርኛ አለመቻሉ ነው። የሌላው ሰው ችግር ደግሞ እንግሊዝኛ መቻሉ ነበር፤ በእናንተ ቋንቋ «ኪድ» ልጅ ነዋ። ስለዚህ በፓርኩ የነበረው ሰው ሁሉ አንዲት አሮጊት ልጅ ጠፋብኝ እያለች ስትጮህ ሰማና የሌለ ሕፃን ፍለጋ ተነሣ። አንዷ አግዳሚ ወንበር ሥር ተንበረከከች። አንዱ የቆሻሻ መጣያውን ከፍቶ ጭንቅላቱን አስገባ። ሌሎች አጥር ዘልለው ወደ ጅረቱ ሮጡ። ፖሊስ የጠራ ሰው ነበር፤ የሉሉን ጀርባ ከፒናት ጥርስ ልፈልቅቅ ያለ ሰው ግን አልነበረም። እናቴ ምርኩዟን ጥላ ውሻው ላይ በሙሉ ሰውነቷ ወደቀችበት፤ ያን ጊዜ ደንግጦ ለቀቃት። የእናቴ ግራ እጅ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሉሉንም ጃኬቷ ውስጥ ከታ ደብቃት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ሰዎቹ ከበው ይጠይቋት ጀመር። ስሙ ማን ነው ሲሏት ስለ ውሻዋ የጠየቋት መስሏት ሉሉ አለች። ምን ለብሷል ሲሏት፣ የሉሉን የአንገት ማሰሪያ አስባ ፒንክ አለች። ዕድሜውስ ሲሏት ሁለት ጣቷን አሳየች። በዚህም የተነሣ ሉሉ የምትባል፣ ፒንክ የለበሰች የሁለት ዓመት ሕፃን በመላው ሰፈር ስትፈለግ ዋለች፤ ሉሉ ግን እናቴ ጃኬት ውስጥ ሆና እየደማች ነበር። የፖሊሶቹን ፍጥነት ሳላመሰግን አላልፍም። ልጅ ቢጠፋ ኖሮ በእርግጥ ይገኝ ነበር።

እኔ ከሥራ ስደርስ የእናንተው ተቆጣጣሪ ሚስተር ሊዮን ሪፖርታቸውን እየጻፉ ነበር። ቃሉን አስረዳኋቸው። ውሻ ማባረሪያ መሆኑን ነገርኳቸው፤ እናቴም ማስረጃ ይሆን ዘንድ ደግማ አለችላቸው። ሚስተር ሊዮን በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «እኔ የምጽፈው ሰዎች የሰሙትን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እናቴ ያለችውን የጻፈ ማንም የለም።

ከዚያ የእናንተ ደብዳቤ መጣ። በአንደኛው አንቀጽ እናቴ ደንቡን ተላልፋ ሕፃን ልጅ ወደ ውሾች ግቢ በማስገባቷ ትከሰሳለች። በሁለተኛው አንቀጽ ሕፃን ሳይኖር ሕፃን ጠፋ ብላ ሕዝብ በማሸበሯ ትከሰሳለች። ሁለቱን አንቀጾች ያጸደቁት እጆች አንድ ጊዜ የወጡ መሆናቸውን ሳስብ የቦርዱን አንድነት አደንቃለሁ። ልጁ ካለ እናቴ ግድየለሽ ናት፣ ከሌለ ውሸታም ናት፤ በየትኛውም መንገድ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ እሷም ሉሉም በፓርኩ አይታዩም። ስለ ፒናት የተጻፈው ግማሽ መስመር ሲሆን፣ በመደበኛ ተጠቃሚዎች ዘንድ በተግባቢነቱ እንደሚታወቅ ይመሰክርለታል።

እስካሁን በጨዋ ደንብ ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ ይህቺን አንዲት አንቀጽ ግን ያለ ጨዋታ አንብቡልኝ። የዚያን ዕለት ሆስፒታል ውስጥ እጇን እያሰሩላት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያ የጠፋው ልጅ ተገኘ ወይ?» ብላ ነው። ሰው ሁሉ ሲሮጥ አይታ የሆነች እናት ልጇ የጠፋባት መስሏት ስትጸልይላት ነበር። እውነቱን ስነግራት ከት ብላ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም፤ አፈረች። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ ማለት ነዋ አለች። ከዚያ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ሉሉ ስፌቷ ድኖላታል፤ በሩንም መቧጠጥ ጀምራለች፤ እናቴ ግን ቆይ ትላታለች እንጂ አትነሣም። ጉልበቷ እየደረቀ ነው። የተነከሰው የእኛ፣ የተሰበረው የእኛ፣ ያፈረውም የእኛ ሰው መሆኑ ያበግነኛል። ከእናንተ ወገን ለይሉኝታ እንኳ ቀና ብሎ ደኅና ናት ወይ ያለን የለም።

ወደ ጨዋነቴ ልመለስ። በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው እገዳው እንዲነሣ፣ መቀርቀሪያው እንዲሠራና ትልቅ ውሻ በትልቁ ግቢ እንዲቆይ ነው። የመጀመሪያው አንድ ፊርማ፣ ሁለተኛው አንድ ካቻቢቴ፣ ሦስተኛው ከስልኩ ቀና የሚል አንድ ሰው ይፈልጋል። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ግን ራሳችሁን አታስጨንቁ፤ መቀርቀሪያውን እኔ መጥቼ እሠራዋለሁ፤ መሣሪያ ይዞ ወደ ፓርኩ ገባ ተብዬ እንዳልታገድ ብቻ ካቻቢቴውን ከአሁኑ አስመዝግቡልኝ።

ውድ ጊዜያችሁን ከሌላ በር ጥገና ላይ ላለመሻማት እዚህ ላይ አበቃለሁ። ረጅም ዕድሜ፣ ጽኑ ጤና፣ በደንብ የሚዘጋ የጓሮ በርም ይስጣችሁ።

ለደኅንነታችን ስላሳያችሁት ወደር የለሽ ትጋት እስከ ወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የታጋጇ ልጅ፣ የነካሹ ወዳጅ ያልሆንኩ፣
አለሙ
ዋይትሆል

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ለዕረፍት ቤት የመጣችው ሐምራዊት የእገዳ ደብዳቤያችሁን ገልብጣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ትእዛዝ አሳየችኝ። ጉዳዩ በሚታይበት ቀን ወይዘሮ ላቀች ሕፃኑን ይዘው እንዲቀርቡ ይላል። ለእናቴ ተረጎምኩላት። «እኔ የወለድኩት አንድ ነው፤ ካሉ ይዤው እቀርባለሁ» አለችኝ፤ ያን ዕለት ከሆስፒታል ከተመለስንበት ጊዜ ጀምሮ ከቤት እወጣለሁ ስትል የሰማኋት ገና አሁን ነው። ስለዚህ ጠብቁን። ሕፃኑ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ መላጣ፣ የሻትል ሹፌር ዩኒፎርም የለበሰ ነው። እንዳይጠፋባችሁ በቀኝ እጇ ይዛው ትገባለች፤ ግራ እጇ ገና ከጄሶ አልወጣም።