ስለ እድራችን መዝገብና በማለዳ ስለሚልኳቸው እንግዶች

ለክቡር ሚስተር ዋረን ሆልብሩክ
የቀድሞ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል፣ የዛሬው የሰፈሮች ጸጥታና ደህንነት ማስተባበሪያ ቢሮ ኃላፊ
ካልጋሪ
የካቲት 1998 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ ከፍ ከፍ ይበል፤ የቤተሰብዎን እንቅልፍ የሚረብሽ አይምጣ። እኛ በሞንተሬይ ፓርክና በአካባቢው የምንኖር የእድር አባላት፣ ማለዳ ማለዳ የበር ድምፅ ከማዳመጣችን በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ በ1993 ምርጫ ሰሞን አዳራሻችን ድረስ መጥተው፣ ከሽማግሌዎቻችን ጎን ተቀምጠው፣ ለበዓል ካርድ እልክላችኋለሁና የአባላቱን ዝርዝር ስጡኝ ብለውን ነበር። ጸሐፊው እኔ፣ የምክር ቤት ሰው አከበረን ብዬ፣ መዝገቡን እንዳለ ሦስት ምሽት ተቀምጬ በእንግሊዝኛ ገልብጬ ሰጠሁዎ። በመዝገባችን ውስጥ ከስምና ከአድራሻ ሌላ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ከሺፍት ስንት ሰዓት እንደሚገባና መቼ ቤቱ እንደሚገኝ ተጽፏል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ሰውየው ቤቱ ባለበት ማለዳ ሄደው፣ ከበው፣ ደግፈው ይነግሩታል። ካርዱ አንድ ጊዜ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።

ባለፈው ዓመት መራጩ ሕዝብ እረፍት ሲሰጥዎ፣ መንግሥት ደግሞ ከፍ ያለ ወንበር ፈለገልዎ። ከምክር ቤት ወደ ጸጥታ ቢሮ ሲዛወሩም ዝርዝራችንን ከዕቃዎ ጋር ሳይጥሉ ይዘውት ሄደዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል የአገሬ ሰው፤ ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ሞኙም ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ነው።

እንግዲህ ጊዜዎን እንዳልሻማ አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ሰዎችዎ ከኅዳር ወዲህ አሥራ አንድ ቤት አንኳኩተዋል፤ አንድም ጊዜ ባዶ ቤት አላጋጠማቸውም። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም።

2ኛ. ራሂማ የምትባል፣ አረጋውያን የምትንከባከብ የወሎ ልጅ አለችን። ገና ጎሕ ሲቀድ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች በረንዳዋ ላይ ቆመው ስታይ፣ መርዶ የመጣባት መስሏት፣ በሩን ሳትከፍት «ማን ነው የሞተብኝ?» እያለች ወለሉ ላይ ወደቀች። ሰዎቹ ግን የመጡት ከምድር በታች ባለው ቤዝመንቷ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር ሊጠይቁ ኖሯል። አንደኛው በያዘው ፋይል ውስጥ የእኔን የእጅ ጽሑፍ አይታ አወቀችው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ሳትጠየቅ በመደንገጧ ክትትል እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ፣ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ደረሳት። ለአሳቢነትዎ ምስጋና ይድረስዎ። ራሂማ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አትሰጠኝም፤ እኔም ቀና ብዬ ላያት አፍራለሁ።

3ኛ. አራት ቤተሰቦች ከእድሩ ወጥተዋል። ሙዓዝ የሚባለው ታክሲ ነጂ አዳራሹ በር ላይ ጠብቆ፣ «ጋሼ መኳንንት፣ ከሊስቱ አውጡኝ፤ ከቤቱም ሙቭ እያደረግን ነው፣ የት ነው ብለው አይጠይቁኝ» አለኝ። አልጠየቅሁትም። የአራቱንም ስም በገዛ እጄ በጥቁር ቀለም ሰረዝኩ። ሃያ ሁለት ዓመት በሁለት አገር የእድር ጸሐፊ ስሆን፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም ስሰርዝ የመጀመሪያዬ ነው። እነዚህ ሰዎች ነገ ቢሞቱ ማን እንደሚቀብራቸው አላውቅም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ያን ግልባጭ እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ። በቃል ከያዙት ግን ምን ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም።

አድራሻዬን መጻፍ ድካም ስለሚሆንብኝና እርስዎም ስለማያጡት ትቼ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቤቴ እንደምገኝ እያስታወስኩ፣ ለተጨማሪ ሹመት ያብቃዎ ስል እሰናበታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎና ግልባጭ ጸሐፊዎ
መኳንንት ዘውዱ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ ከአገር ቤት ተደወለ። ስማቸውን ከሰረዝኩት አራት ቤቶች ለአንዱ መርዶ መጥቷል፤ ለየትኛው እንደሆነ ባለቤቱ ሳይሰማ በደብዳቤ መጻፍ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ለብሰው ተሰብስበዋል፣ የሚሄዱበትን ቤት ግን አያውቁም። የአራቱንም አዲስ አድራሻ እርስዎ ሳያውቁት ስለማይቀሩ ይላኩልን፤ አለዚያም ሰዎችዎ ወደ አራቱም በር መሄዳቸው አይቀርምና፣ መርዶውንም እግረ መንገዳቸውን ያድርሱልን።