ዱቄት የማይወጣበት ወፍጮ

አምቦ፣ የካቲት 2001 ዓ.ም.

ውድ ቢሊሴ፣

ከኬፕታውን የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አንብቤ ስጨርስ ደጅ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ምንም አይታይም። ይህን ያህል ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር ልብ ያላልኩትን ነገር ጽፈሻል። የምትከታተይው ጨረር፣ ያው ሐኪም ቤት አጥንት የምንነሳበት ራጅ፣ አየሩን አልፎ መሬት አይደርስም። ሳተላይት ወጥቶ ካልተቀበለው መምጣቱን የሚያውቅ የለም። በራሳችን ላይ ሲዘንብ ኖሮ አንድ ጠብታ እንኳ አልነካንም። አሁን ቀና ባልኩ ቁጥር የሚታሰበኝ እሱ ነው።

የምጽፍልሽ ግን ስለ አባትሽ ነው።

ሕክምናውን ትተሽ ፊዚክስ ከገባሽ ወዲህ ኦቦ ጉደታ የተቀየሙት አንቺን ብቻ አይደለም። በምእመናኑ ፊት ቆመው "ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው" ብለው ነበር፤ ልብሽን ያሸፈትኩት እኔ እንደሆንኩ ያምናሉ። ወፍጮ ቤታቸው ስሄድ ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ስምሽን ያነሳ ደንበኛ እህሉ መጨረሻ ነው የሚፈጭለት።

ቅዳሜ ጤፍ ይዤ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሞተሩ ዝም አለ፤ ድንጋዩ ጥቂት ዞሮ ቆመ። ከባኮ በቆሎ እያመጡ የሚሸጡት አዴ ጉዴ ጆንያቸው ላይ ተመቻቹ።

"ባርሲሳ፣ መምህሯ እርስዎ ነዎት፤ የኦቦ ጉደታ ልጅ ምን ደረሰች? አንዱ ሐኪም ናት ይላል፣ አንዱ ኮከብ ትቆጥራለች ይላል።"

አባትሽ ጀርባቸውን ሰጥተውን ድንጋዩን ሊወቅሩ መዶሻ እያነሱ ነበር። ይሰማሉ።

"ጥቁር ጉድጓድ ነው የምታጠናው" አልኩ። "የሞተ ኮከብ ነው። የቀረበውን ሁሉ ይውጣል። ብርሃን እንኳ ከገባ አይወጣም።"

"የባሌ ሆድ በሉኛ!" አሉ አዴ ጉዴ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

አባትሽ ሳይዞሩ ተናገሩ። "ዱቄት የማይወጣበት ወፍጮ! ታዲያ ምኑን ነው የምታጠናው?"

ሰው እንደገና ሳቀ። እኔ ግን ከእሳቸው ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

"ከመግባቱ በፊት ያለውን ነው" አልኳቸው። "ጋዙ ቀጥ ብሎ አይወድቅም። ዙሪያውን እየተሽከረከረ፣ እርስ በርሱ እየተፋተገ ነው ወደ መሃል የሚጠጋው። ሲፋተግ ይግላል። ጨረር ሆኖ የሚመጣው ያ ግለት ነው።"

መዶሻውን አስቀመጡ። መቼም አሠራራቸውን ታውቂያለሽ። ዱቄት በዓይን አይመረምሩም፤ መውረጃው ሥር የእጃቸውን ጀርባ ነው የሚያደርጉት። ዱቄቱ ካቃጠላቸው ድንጋዮቹ ከልክ በላይ ተጠጋግተዋል ማለት ነው፤ ያላሏቸዋል።

"ምን ያህል ይግላል?"

"መሃሉ አጠገብ ብዙ ሚሊዮን ዲግሪ።"

"እሺ፣ ከግለቱ ምን ታውቅበታለች?"

"ጋዙ ጉድጓዱን ምን ያህል እንደተጠጋ። ከዚያ ተነስታ ጉድጓዱ ራሱ በምን ፍጥነት እንደሚዞር። በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ የሚዞር አለ ትላለች።"

"ድንጋዩን ሳታይ?"

"ሳታይ። ማንም አይቶት አያውቅም።"

አዴ ጉዴ አንገታቸውን ወደ ወፍጮው አሰገጉ።

"የእኔ ድንጋይ እህሉን ከመሃል ተቀብሎ ወደ ዳር ይገፋል" አሉ አባትሽ።

"የእሷ ከዳር ወደ መሃል ነው።"

"መሃል ሲደርስስ?"

"ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚነግረን የለም።" ቀጥዬም፣ ዛሬ የምትመረምሪው ብርሃን ከጉድጓዱ ዙሪያ ሲነሳ በምድር ላይ ብረት የሚያቀልጥ ሰው እንዳልነበረ ነገርኳቸው።

"ያ ዋቃ" አሉ ቀስ ብለው፣ እንደሚጸልይ ሰው። እጃቸው ባዶው መውረጃ ሥር ነበር። እዚያ መቼ እንዳስገቡት አላየሁም።

መብራት መጣ። ሞተሩ ተነሳ፣ ከዚያ በኋላ መነጋገር አልተቻለም። ጤፌን ፈጭተው ሲያስረክቡኝ ጆሮዬ ላይ ጮኹ።

"ጠይቃት! የሚወድቅበት ሲያልቅ ይቆማል ወይስ ባዶውን ይዞራል? የእኛ ድንጋይ ባዶውን ከዞረ ራሱን ይበላል!"

መልሱን እኔም አውቀዋለሁ። "እጠይቃታለሁ" ብዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ለእኔ አትመልሺ፤ ለእሳቸው ጻፊ። በኦሮምኛ ይሁን፣ ግን በግዕዝ ፊደል፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው በዚያ የታተመው ነው፣ የላቲኑ ቁቤ አይነበብላቸውም። ስለ ሕክምናው አታንሺ። ይቅርታም አትጠይቂ። የጠየቁሽ ስለ ጉድጓዱ ነው።

መምህርሽ
ተሻለ