ከሳሙና ዱቄት ክፍል እስከ እሑድ ትምህርት፦ የእትዬ ለምን የሕይወት ታሪክ

እትዬ ለምን ከአናጺው አባታቸውና የሰው ልብስ በማጠብ ኑሮን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው ሐምሌ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ። የወጣላቸው ስም ሌላ ነበር። ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥያቄ ስለሚያበዙ የተሰጣቸው ቅጽል ስም በልጦ ቀረ፤ በዋናው ስማቸው ቢጻፍ ከመካከላችን ግማሹ ሰው "ማን ሞተ?" ማለቱ ስለማይቀር በዚሁ ተጽፏል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል አንደኛና ሁለተኛ እየወጡ ተምረዋል። በ1967 ዓ.ም. አባታቸው ሥራ ላይ ሳሉ ከጣሪያ ወድቀው ሲያርፉ ግን ሁለት ልጅ የማስተማር አቅም በቤቱ አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው እንዲማር እሳቸው ደብተራቸውን አስቀምጠው ከእናታቸው ጋር ልብስ ማጠብ ያዙ። ያ ወንድም ኮሌጅ የበጠሰው በእሳቸው ጉልበት ነው። ይህን የሚጽፈውም እሱው ነው።

በ1971 ዓ.ም. በሳሙና ፋብሪካ ተቀጥረው በዱቄት ሳሙና ማሸጊያ ክፍል ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። በ1976 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ያገባሁት ሚስት መስሎኝ ነበር፤ ለካ መርማሪ ኖሯል" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ፋብሪካው የሚያወጣው ሳሙና ዋጋው ሳይቀንስ መጠኑ ማነሱን አስተዋሉ። የድሮውንና አዲሱን ይዘው ወደ ሰፈሩ ማንበቢያ ቤት ሄዱ፤ ከሥጋ ቤቱ ሚዛን ተውሰውም በጎረቤቶቻቸው ፊት መዘኑ። "የጎደለው የት ሄደ?" ብለው ሲጠይቁ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የእሑድ ከሰዓት ትምህርት የተጀመረው በዚህ ነው። ልብስ ሰፊዎች፣ ጥበቃዎች፣ አትክልት ቸርቻሪዎች እየመጡ ዋጋ ለምን እንደሚንር፣ ግብር የት እንደሚገባ፣ ደሞዝን ማን እንደሚወስን ተማሩ። አንድ ጊዜ የተጋበዙ የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ ሰዓት ሙሉ ካስረዱ በኋላ፣ እትዬ ለምን ከልብ አመስግነው "አሁን ደግሞ ሽንኩርት ለምትሸጠው እህታችን እንደገና ይንገሩልን" አሏቸው። መምህሩ ኮታቸውን አውልቀው ከመጀመሪያው ጀመሩ። እትዬ ለምን ማወቅ ብቻውን አይበቃቸውም ነበር፤ "እሺ አወቅን፣ ከዚያስ?" ይሉ ነበር። ቸርቻሪዎቹ አንድ ላይ ሆነው ከገበሬው በቀጥታ መግዛት የጀመሩት ከዚያ ክፍል ወጥተው ነው።

የዱቄት ክፍል ሴቶችም በ1994 ዓ.ም. ተፈራርመው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲገዛላቸው ጠየቁ። የግዥ ክፍል ኃላፊው "ለዘንድሮ አልታቀደም" ብሎ መለሰ። በየዓመቱ ጠየቁ፤ በየዓመቱም ይኸው መልስ ተሰጣቸው። መሸፈኛው የተገዛው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለቢሮዎቹ ሁለት ጊዜ ምንጣፍ ተቀይሯል።

ኃላፊው ታናሽ ወንድማቸው ነበር።

እትዬ ለምን ስለዚህ ጉዳይ ወንድማቸው ቤት ድረስ መጥተው ነበር። "እትዬ፣ እዚህ እህቴ ነሽ፤ እዚያ ግን ሠራተኛ ነሽ" አላቸው። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ወጡ። ለማንም አልተናገሩበትም፤ በእሑድ ትምህርታቸውም ስሙን አንስተው አያውቁም።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ በሥራ ላይ የያዛቸው ሳል አብሯቸው ወጣ። ሐኪሞች ሳንባቸው ለዘመናት በሳቡት ብናኝ መጎዳቱን ነገሯቸው። እንደዚያም ሆነው፣ ነርሷ ልጃቸው ኦክስጅኑን ይዛላቸው፣ ዓረፍተ ነገሩን ለሦስት እየከፈሉ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸውም እስኪጨርሱ ይጠብቋቸው ነበር። በመጨረሻ ወንድማቸውን አስጠርተው፣ "የሕይወት ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ። 'ባደረባቸው ሕመም' ብለህ እንዳታልፈው። የሆነውን ጻፍ" አሉት።

የሆነው ይህ ነው። እትዬ ለምን ያለ መሸፈኛ በሳቡት የሳሙና ዱቄት ሳንባቸው ተጎድቶ፣ ስምንት ዓመት ከታመሙ በኋላ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና በየሰፈሩ ያሉ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

ወንድማቸው በሆስፒታል አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ጠይቋቸው ነበር። እጁን ይዘው፣ "እኔ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ዱቄቱን የሳብኩት ብቻዬን አይደለም" አሉት።

እዚህ የቆማችሁ፣ ዛሬም የሚያስላችሁ የዱቄት ክፍል እህቶቼ፣ መሸፈኛውን የከለከልኳችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።