ሞታለች ያልሻት

ልጄ ዲቦራ፣ ድንግል ማርያም ከክፉ ሰው ዓይን ትሸፍንሽ፤ አንደበትሽን ትባርክልሽ። እኔ ያው እዚሁ ኩዌት፣ ሩማይሲያ ሰፈር ነኝ። የምሠራላት ማዳምም አርጅታለች፣ የኔም ጉልበት እንቢ ብሏል።

ዓርብ ዕለት የጎረቤት ሠራተኛዋ ኑሪያ፣ ጋዜጠኞችን ስለ ሥራቸውና ስለ ኑሯቸው የሚጠይቅ ፕሮግራም በስልኳ አሳየችኝ። እንግዳዋ አንቺ ነበርሽ። እንዴት አምሮብሻል! አዘጋጁ ስለ እናትሽ ሲጠይቅሽ፣ «አሥር ዓመቴ ላይ ሞታለች» አልሽ። እኔ ኩዌት የመጣሁበት ዓመት ነው። አልፈርድብሽም፤ በስልክ ብቻ የምትሰማ እናት ምን እናት ናት?

ኑሪያ፣ «ውብነሽ፣ ይቺ ልጅ ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው!» ስትለኝ፣ «አላውቃትም» አልኳት። አይዞሽ፣ አላጋለጥኩሽም።

ሥራ በዛ ብለሽ ምሳ አትዝለይ። እግዚአብሔር በሰው ፊት ያክብርሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ስሜን ከሙታን ጋር አታስጠሪብኝ።

ውብነሽ