ዱባይ ሱቅ አላቸው ስለተባሉት እትዬ የሻሽወርቅ

ለተከበሩ የፈጠራ ሥራዎች አቤቱታ ማስተናገጃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት (ስብሰባ ላይ)

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ ይሁን፤ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ ይድረስልዎ። እኔ ጠሀ ሙናዊር እባላለሁ፤ መርካቶ በርበሬ ተራ የቅመም ሱቅ አለኝ። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ቢሮዎ እየተመላለስኩ ያስቸገርኩዎ ሰው ነኝ። እርስዎ ባያስታውሱኝ ዘበኛው ያስታውሰኛል።

እትዬ የሻሽወርቅ ሱቃችን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቅመም ሲለቅሙና ሲመጥኑ የኖሩ እናት ናቸው። ኮረሪማ እንዴት እንደሚመረጥ፣ በርበሬ ሳይነቅዝ እንዴት እንደሚቀመጥ እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ እየጻፍኩ ድረ ገጽ አዘጋጀን፤ ፎቶግራፋቸውንም አወጣን። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም እያነበቡ ትዕዛዝ ይልኩልን ጀመር።

አንድ ቀን የቆዩ ደንበኛችን ከስዊድን ደወሉና፣ "ጠሀ፣ የሰው ጽሑፍ ስትሰርቅ አታፍርም? ዱባይ ያለ ሱቅ ገጽ ላይ ቃል በቃል አገኘሁት!" ብለው ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ገጹን ከፍቼ ባየው፣ ቅርንፉድን "ቅርፉንድ" ብዬ የተሳሳትኩት እንኳ ሳይታረም ተገልብጧል። ከእትዬ የሻሽወርቅ ፎቶ ሥር ደግሞ "መሥራችና ባለቤት" ይላል።

ሳሳያቸው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ልጄ፣ ዱባይ ሱቅ ካለኝ ለምንድነው በየጠዋቱ ለታክሲ የምጋፋው?" አሉኝ። ሳቅን። ቆየት ብለው ግን፣ "ይሄ ሰውዬ በእኔ ፊት የነቀዘ በርበሬ ቢሸጥስ?" ሲሉ ሳቄ ጠፋ። ወደ እርስዎ የመጣሁትም ለዚሁ ነበር። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1. "ማንኛውም አቤቱታ በሠላሳ ደቂቃ ይስተናገዳል" የሚለውን የግድግዳ ማስታወቂያዎን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ እንዳነብ ስለፈቀዱልኝ። አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።

2. ሁለቱን ገጾች ካዩ በኋላ፣ "የዱባዩ ያምራል፤ የናንተ ቶሎ አይከፈትም፤ ዋናው የነሱ ይመስለኛል" ብለው ስለሰጡኝ ሙያዊ አስተያየት። ኔትወርኩን የዘረጋሁት እኔ እንዳልሆንኩ ላስረዳዎ ስል፣ እሱም ጠፋ።

3. የድረ ገጹን ዋና ቅጂ ከነማኅተሙ፣ ተከሳሹን ደግሞ ከነቀበሌ መታወቂያው እንዳቀርብ ስላዘዙኝ። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ሶማሌ ተራ ብጠይቅ የዱባይን ቀበሌ የሚያውቅ ሰው አጣሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ነገሩ ተፈታ። ከሱቃችን በላይ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰሚር ገጹን መርምሮ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ሰዎቹ ፎቶውን እንኳ አልገለበጡትም፤ ከአንተ ገጽ ላይ በቀጥታ እየሳቡት ነው። አንተ ስትቀይረው የነሱም ይቀየራል" አለኝ።

እትዬ የሻሽወርቅ ይህን በሰሙ በማግስቱ የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ካርቶን ላይ በትልቁ፣ "እኔ ዱባይ ሱቅ የለኝም። እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም። የኔን ቅመም የምትፈልጉ መርካቶ በርበሬ ተራ ኑ" ብለው አስጻፉና፣ እሱን ደረታቸው ላይ ይዘው ፎቶ ተነሱ። በእኛ ገጽ ላይ በአሮጌው ፎቶ ቦታ ተካነው። ሦስት ቀን ሙሉ በዱባዩ ገጽ ላይ፣ "መሥራችና ባለቤት" ከሚለው ጽሑፍ በላይ ካርቶናቸውን ይዘው ቆሙ። በአራተኛው ቀን ገጹ ድራሹ ጠፋ። ስዊድን ያሉት ደንበኛችንም ደውለው ይቅርታ ጠየቁ፤ የጠየቁት ግን እኔን ሳይሆን እትዬ የሻሽወርቅን ነው።

ይኸው ከሰባት ወር በኋላ ደግሞ የእርስዎ ውሳኔ ደረሰኝ፦ "ተሰርቋል የተባለበት ገጽ ሊገኝ ባለመቻሉ አቤቱታው መሠረተ ቢስ ሆኖ ተዘግቷል።" ሌባውን በማባረራችን የመዝገብዎን ሰላም ስላደፈረስን ከልብ እናዝናለን።

ስብሰባዎን ያብዛልዎ፤ አበልዎንም አያጉድልብዎ።

ትዕግሥትን በነጻ ያስተማሩት ታዛዥዎ፣
ጠሀ ሙናዊር
በርበሬ ተራ፣ አዲስ ከተማ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የምልክበትን አድራሻ ፍለጋ የክፍልዎን ድረ ገጽ ከፍቼ ነበር። የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክትዎ እጅግ ያምራል። ብቻ አራተኛው መስመር ላይ "የተከበራችሁ የኬንያ ዜጎች ሆይ" የሚለውን ማንሳት ተረስቷል።