አተላ የጠጣው ጉድጓድ

ሰኞ

ውሃ አላጎደልሁም አልሁ እኮ! እበቱም በዚያው ቅርጫት፣ ውሃውም በዚያው ጀሪካን። ካላመንሽ ማንኩሳ ድረስ መጥተሽ እይ!

ይሄን ስልክ ላይ ጮኼ ዘጋሁባት። እት ሕይወት ባሕር ዳር ማስተርሷን የምትማር ልጅ ናት፤ ከአንዲት የስዊድን ፕሮፌሰር ጋር ሆነው ነው ጓሯችን ከእበት የምድጃ ጋዝ የሚያወጣውን ባዮጋዝ የሠሩት፣ ለጥናት። የእኔ ሥራ ማታ ማታ የጋዙን መለኪያ አይቶ ቁጥሩን በቴሌግራም መላክ ነው። ይሄን ደብተርም እሷ ናት የሰጠችኝ፣ «የተሰማሽን ጻፊበት» ብላ። የተሰማኝማ ንዴት ነው። ከአስረኛ ክፍል ያስወጣኝም ይሄው ጠባዬ ነው።

ሰማያዊ የነበረው የምድጃው እሳት ትናንት ቢጫ ሆነ፤ ዛሬ ጭራሽ ጠፋ። እማ ሽሮውን በእንጨት ሠራች። ዓይኗ ወዲያው ቀላ። ባዮጋዙ ከገባ ወዲህ እንዲህ ቀልቶ አያውቅም።

ዓርብ ፕሮፌሰሯ ይመጣሉ። የእኛ ካልሠራ መለኪያውም ምድጃውም ቡሬ ላለ ሌላ ቤት ይሰጣል።

ማክሰኞ

እበቱ የሚገባበትን የባዮጋዙን ጉድጓድ አፍ ከፍቼ አሸተትሁ። ጠላ! እበት እበት ማለት ሲገባው ጠላ ጠላ ይላል።

«እማ፣ እዚህ ምን ገባ?»

አባ በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

ለካ ቅዳሜ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ስለነበር አተላው ተርፏል። ላሟ ጠግባ ተወችው። እማ ታዲያ ከጋኑ ወደ ጉድጓዱ ገለበጠችው!

«ላም አተላ ስትጠጣ ወተቷ ይጨምራል» አለችኝ። «ይሄስ የላም እበት አይደል የሚበላው? ምን ለየው?»

ጮህሁ። በጣም ጮህሁ። አባ «ተይው እንግዲህ፣ ሰክሮ ነው፤ ይተኛና ይነሳል» ሲል ግን ሳቅ አመለጠኝ። እማ ብቻ አልሳቀችም።

«ለፈረንጂቱ አትንገሪብኝ፣ ልጄ። የሰው አገር ዕቃ አበላሸች እባላለሁ። ውሃ ጎደለ በያት።»

ውሃ ጎደለ ካልሁ የምሰደበው እኔ ነኝ። እሱስ ይሁን። ግን «ውሃ ጨምሩ» ቢሉንስ? አተላ በውሃ ቢቀጥን ያው አተላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት

ለእት ሕይወት ደወልሁ። ስለ ሰኞው ይቅርታ አልኋት፤ እንደምንም ወጣልኝ። (ድል!) ከዚያ «አንዲት ጎረቤት አተላ ብትጨምርበትስ?» አልሁ።

እሷም «ጎረቤትሽ ባዮጋዝ አላት እንዴ?»

በቀበሌው ያለው የእኛ ብቻ ነው፤ እሷም ታውቃለች። «ወደፊት ብትሠራ ማለቴ ነው» አልኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ፕሮፌሰሯን ልጠይቅልሽ» አለች።

ረቡዕ ከሰዓት

የድምፅ መልእክት መጣ። በፕሮፌሰሯ አገርም የቢራ አተላ ይጨምሩበታል አሉ! ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ እስኪለምደው። በአንዴ ከሆነ ይኮመጥጥና ጋዙ ይቆማል። አሁን ምንም አትጨምሩ፣ ይረፍ ብለዋል። «ያች ጎረቤት ምን ያህል እንደጨመረች ብትነግረን ደግሞ ለጥናቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አተላ እዚህ በየቤቱ አለ» ትላለች እት ሕይወት መጨረሻው ላይ።

ለእማ አሰማኋት። አስደገመችኝ።

«እነሱም ይሰጡታል?»

«ይሰጡታል።»

ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። «አላልሁሽም? የሳትሁት ልኩን ብቻ ነው!»

ጉድጓዱን ሄጄ አየሁት። ሽታው ያው፤ መለኪያውም ንቅንቅ አላለ። እስከ ዓርብ ይድን እንደሆን እንጃ።

እት ሕይወት፣ ከዚህ በታች ያለውን ብቻ ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ነው። ጎረቤት የለም። እማ ናት። ስንት እንደጨመረች ራሷ ልትነግርሽ እሽ ብላለች፤ ይሄን እንደላክሁ ስልኩን ለእሷ እሰጣታለሁ። ምድጃው ቡሬ ይሄድ እንደሆነ፣ ይቆይ እንደሆነም ለእሷው ንገሪያት። ግን ሳይመሽ ደውይ! ከመሸ ታፍርና ሐሳቧን ትለውጣለች፤ ልኩን ደግሞ ከእኔ አታገኝውም፣ ስትጨምር አልነበርሁም። ደውይ እንጂ!