የፓስፖርቷ ስም

ሚያዝያ 9 ቀን 2007፣ ሶዶ

የመን ያሉ ዜጎች ሊወጡ ነው ስለተባለ እዚያ የምትሠራውን ልጄን ለማስመዝገብ ከባለቤቴ ጋር ዞን ቢሮ ሄድን። «አስቴር» አልኩ። ጸሐፊዋ ሰንዓ ካለው ኤምባሲ የመጣውን የስም ዝርዝር አይታ፣ «አባባ፣ አስቴር የምትባል የለችም። በሌላ ስም ሄዳ ይሆን?» አለችኝ።

«እኔ ያወጣሁላት ስም አንድ ነው።»

ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «ፓስፖርቱ ዘሃራ ነው የሚለው፣ ልጄ» አለቻት። ወደ ዐረብ አገር የላካት ደላላ የለጠፈባት የሙስሊም ስም ነው። ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ ከልክዬ ነበር።

«ዘሃራ አለች» አለች ጸሐፊዋ። «ኤምባሲው ጠርቷት አልቀረበችም። አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ከሰንዓ ስለሚወጣ ደውሉላት።»

ቤት ገብቼ ስልኳ ላይ ደወልኩ። አንድ ወንድ በዐረብኛ መለሰ። «አስቴር» አልኩት፤ አላወቃትም። የፓስፖርቱን ስም ዛሬም አልወደድኩትም፤ ግን «ዘሃራ» አልኩ። ያልገባኝን ነገር ተናግሮ ዘጋው። ደግሜ ብደውል አይነሳም።